ሳይመታ የቀረው ድንጋይ

ሁለት ወታደሮች ግቢዋ ድረስ መጥተው ሲጠሯት ግንበኛዋ ኖራ እያበረደች ነበር። ውሃው ሲነካው ኖራው በርሜሉ ውስጥ ይንተከተካል፤ እንፋሎቱ ዓይን ይለበልባል። ወታደሮቹ ራቅ ብለው ቆሙ።

«ሻምበሉ ይፈልጉሻል» አለ አንደኛው።

«ይሄ እስኪበርድ ይታገሱኝ።»

«እሳቸው መታገስ አያውቁም።»

በርሜሉን ከድና እጇን በሽርጧ ጠረገችና ተከተለቻቸው። ለምን እንደተፈለገች አልጠየቀችም። አንዲት ልጇ ጸሎት ቤቱን ከውስጥ ከዘጉት ሰዎች ጋር ነበረች፤ ስለዚህ በዚያ ቀን ማንም ለምንም ቢጠራት ነገሩ የሚያርፈው ልጇ ላይ መሆኑን ልቧ ነግሯታል።

ጣጣው የጀመረው በጭስ ነው። ንጉሡ ጭስ ከሚወጣበት ቤት ሁሉ ግብር እንዲሰበሰብ አዘዘ። የግብር ሰዎች መሰላል ተሸክመው ጣሪያ ለጣሪያ እየዞሩ የጭስ መውጫ ሲቆጥሩ ሰዉ በመጀመሪያ ሳቀ፤ ብርዱ ሲገባ ሳቁ ቆመ። እሳት ያላነደደ ቤት ሽማግሌና ሕፃን ሲታመምበት ሰነበተ። በዚያው ሰሞን ሌላ ዐዋጅ ተለጠፈ። በየሳምንቱ ጸሎት ላይ የሙታን ስም መጥራት ቀርቷል፤ አሮጌው መጽሐፍ ከየጸሎት ቤቱ ተለቅሞ ይቃጠል፤ ሕዝቡ ከእንግዲህ ቤተ መንግሥቱ ባጸደቀው አዲስ መጽሐፍ ብቻ ይጸልይ የሚል። የጭሱን ግብር ሰዉ እያጉረመረመ ተሸክሞት ነበር። ይህኛውን ግን የሚሸከምበት ጫንቃ አጣ። «ከቋሚው ወሰዱ፣ ዝም አልን፤ ደግሞ ከሙታን ምን ቀራቸው?» ያለችው አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ናት ይባላል። ይህች አንዲት ቃል ከገበያ ገበያ ዞረች። መሰላሎቹ ተሰብስበው አደባባይ ላይ ነደዱ፤ ጭስ ቆጣሪዎቹ በሌሊት ልብሳቸው ከከተማ ወጡ። ወታደሮች መጽሐፉን ሊወስዱ በመጡበት ዕለት ደግሞ ሰዉ ቀድሟቸው ጸሎት ቤቱን ሞላና ከውስጥ ቀረቀረው።

በዚያ ቤት በየሳምንቱ ሲጠሩ ከኖሩት ስሞች አንዱ የግንበኛዋ ባል ስም ነበር። እሱም ግንበኛ ነበር፤ ሲሞት የኖራ ማንሻ ካዞላውንና መዶሻውን አንሥታ ሥራውን ቀጠለች፣ ሰዉም የእሱን መጠሪያ ለእሷ አዞረላት። ከዐዋጁ ወዲህ ስሙን ጮክ ብሎ የጠራው የለም። እሷም ቤቷ ውስጥ አትጠራውም። ጎረቤቶቿ «በረታች» ይሏታል፤ እሷም አላስተባበለችም።

ወታደሮቹ የወሰዷት በጸሎት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ጠባብ መንገድ ነው። የኋላው በር በመጥረቢያ ተሰባብሮ ወድቋል፤ በክፍተቱ ውስጥ እስከ ላይ የተቆለለ አግዳሚ ወንበር ይታያል። ሻምበሉ አጭር ሰው ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ፊቱ ገርጥቷል። ከጎኑ የንጉሡን የሥራ ክፍል ካፖርት የለበሰ ረጅም ሰው ቆሟል። የባሏ ታናሽ ወንድም ነበር።

ከእሱ ጋር ከተነጋገሩ ቆይተዋል። ድንጋይ መጥረብ የተማረው ከወንድሙ ጋር ባንድ ግቢ ነው፤ ቀን ሲያልፍለት ግን ቤተ መንግሥት ገብቶ የግንባታ ተቆጣጣሪ ሆነ። የሙታን ስም አይጠራ የሚለውን ዐዋጅ በዚህ ጸሎት ቤት በር ላይ በምስማር የመታው እሱ ራሱ ነበር። ያን ቀን በመንገድ ሲያልፍ ሰላም አላለችውም፤ ከዚያ ወዲህም አላለችውም።

«ይህን በር በድንጋይ ድፈኚልኝ» አለ ሻምበሉ። «ከመጨለሙ በፊት።»

«ውስጥ ሰው አለ፣ ጌታዬ።»

«ባይኖር ምን ያስደፍነኛል? ሴትዮ፣ በየአውራጃው ሰው ተነሥቷል፤ በየበሩ የማቆመው ወታደር የለኝም። ይህ ከተደፈነ የሚቀራቸው የፊቱ በር ብቻ ነው። እሱን እኔ ይዤዋለሁ። ውሃ ሲጠማቸው እጃቸውን አንሥተው ይወጣሉ፤ ያኔ ወጣት ወጣቱን ለይቼ እወስዳለሁ።»

«የት?»

«ንጉሡ ወደሚፈልጉበት። አልሠራም ካልሽ ደግሞ...» በአገጩ ከግድግዳው ሥር የተደረደሩትን በርሜሎች አሳያት። ሬንጅ ነው፤ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። «ወታደሮቼ በዚህ ጣሪያ ሥር ደም አናፈስም ብለው አስቸግረውኛል። እሳት ደም አያፈስም።»

ልጇ ወጣት ናት። በእሳት ትሞታለች ወይም ተለይታ ትወሰዳለች።

«ሌላ ግንበኛ አጥታችሁ ነው?»

«ግማሹ ሸሽቷል፣ ግማሹ ከውስጥ ነው ያለው» አለ ሻምበሉ። «አንቺን የጠቆመልኝ ይሄ ነው።»

የባሏ ወንድም ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። «ስምሽን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

ሻምበሉ በርሜሎቹን ሊያይ ዘወር ሲል ጠጋ አለችው።

«የወንድምህ ልጅ እዚያ ውስጥ ናት።»

«ቀስ በይ።»

«ታውቃለህ ወይ ነው የምልህ!»

«ድንጋዩ እየመጣልሽ ነው» አለና ካፖርቱን ሰብስቦ ከመንገዱ ማዶ ሄዶ ቆመ።

ድንጋዩንና ቡኮውን፣ ኖራና አሸዋ የተለወሰበትን፣ ከግቢዋ በባሬላ የሚያመላልስላት ፈጣኑ የሚባል የቀን ሠራተኛ ነው። ስሙን ያወጣለት ባሏ ነበር፤ አንድ ባሬላ ቡኮ ከግቢው ደጅ እስከ ግንቡ ሲያደርስ ኖራው መንገድ ላይ ይደርቃል ብሎ። የባሬላውን ሌላ ጫፍ አንድ ወታደር በግድ ይዞለታል።

«እሜቴ፣ የመንግሥት ባለሟል ሆንኩ እኮ» አለ ባሬላውን ሲያወርድ። «ወታደር ነው አብሮኝ የሚሸከመው።»

«አፍህን ዝጋ» አለው ወታደሩ።

«አፌን ብዘጋ ምን ላይ ግብር ትጥሉበታላችሁ? ትንፋሽም በብርድ ይጨሳል።»

ወታደሩ ሳቁን በሳል ሸፈነው። እሷ ግን አልሳቀችም። ካዞላዋን ነክራ የመጀመሪያውን ድንጋይ አስቀመጠች፤ በእጀታው ሦስት ጊዜ መታችው።

ይህ የባሏ ቤት ሥርዓት ነው። ድንጋይ ከሥሩ ቡኮ ሞልቶት በደንብ ሲቀመጥ በካዞላው እጀታ ሦስት ጊዜ ይመታል። ከሥሩ ባዶ ከሆነ አይመታም፤ ተነሥቶ እንደገና ይቀመጣል እንጂ። ባሏ ከዚህ ወገን ሲገነባ ልጁ ከወዲያኛው ወገን ትቆም ነበር። ቁመቷ ገና ከባሬላው እጀታ ሳያልፍ ጀምሮ የከሰል ቁራጭ ይዛ ታዳምጣለች፤ ሦስቱን ምት ያልሰማችበትን ድንጋይ በከሰል ታሰምርበታለች። አባትየው ዞሮ ሲመጣ የተሰመረበትን ይነቅላል። ሌላው ሕፃን ተረት ሲሰማ ያደገውን ያህል ያቺ ልጅ የድንጋይ ምት ስትሰማ ነው ያደገች።

ግንበኛዋ ሁለተኛውን መታች፤ ሦስተኛውን መታች። የመጀመሪያው ረድፍ እንዳለቀ ከአግዳሚዎቹ ክምር ወዲያ ከእንጨት ጋር የሚታገል ድምፅ ሰማች። አንድ አግዳሚ ተጎተተ። ከዚያ ዝም አለ። ሰው ከግንቡ አጠገብ መጥቶ ቆሟል።

በቀጣዩ ረድፍ መካከል ላይ ከፊት ለፊቱ ጠርዝ ብቻ ቡኮ ቀባች፤ ከኋላው ደረቅ አሸዋ በእፍኟ ሞላችና ድንጋዩን ጫነችበት። ከውጭ ሲያዩት እንደ ሌላው ነው። እጀታውን አነሣችና ሳትመታው አሳለፈችው።

ከወዲያ በኩል በጣም ቀጭን ድምፅ ሰማች፤ ከሰል ድንጋይ ላይ ሲሄድ።

ቀና ብላ ማንንም አላየችም። ዳርና ዳሩን በጥሩ ቡኮ እያሰረች፣ እየመታች፣ መሐሉን ግን በአሸዋ እያስቀመጠች ሳትመታ ወደ ላይ ወጣች። አንድ ሰው በደረቱ ተስቦ የሚያልፍበት ያህል ስፋት ብቻ። በላዩ ከዳር እስከ ዳር የሚጋደም አንድ ረጅም ድንጋይ ታሳርፍበታለች፤ ያ ማሰሪያ የላይኛውን ሸክም ይይዛል። ከሥሩ ያሉት ወደ ውስጥ ቢሳቡ ግንቡ አይወድቅም። ልጇ ይህን ታውቃለች፤ ብዙ በር ሲሠራ አይታለች።

«እሜቴ» አለ ፈጣኑ ከኋላዋ፣ በዚያ የገበያ ድምፁ። «ይሄኛውን አልመታሽውም እኮ!»

የማዶው ካፖርት ዞረ።

«ባሬላህን ጠብቅ አንተ።»

«አይ፣ ዕድሜ ልክሽን ሳትመቺ ስለማታልፊ ነው። ያኛውንም አልመታሽውም። ነፍሱን ይማረውና ጋሼ ቢያይ ካዞላውን...»

«ፈጣኑ!» ድምፅዋ ሳታስበው ጮኸ። «ውሃ አምጣ። ቡኮው ደርቆብኛል።»

ፈጣኑ ወደ ባሬላው አየ። ቡኮው አልደረቀም። ወደ ግንቡ አየ፣ ወደ እሷም አየ፤ አፉ እንደተከፈተ ቆየና ተዘጋ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሮጠ ሄደ።

የባሏ ወንድም መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ከጎኗ ተንበርክኮ፣ ቱምቢውን አንሥቶ የግንቡን ቀጥታ የሚለካ መሰለ። ከዚያ ሌባ ጣቱን ባልተመታው ድንጋይ መጋጠሚያ ውስጥ አስገባና ጠመዘዘው። ሲያወጣው ደረቅ አሸዋ ነበረበት። ጣቱን በአውራ ጣቱ ፈተገው፤ አሸዋው ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ።

ሻምበሉ ከመንገዱ ጫፍ ላይ ለአንድ ወታደር ትእዛዝ እየሰጠ ነው። አንድ ቃል ይበቃል።

«ብርሃኑ እየሄደ ነው» አለ የባሏ ወንድም ተነሥቶ። «ፈጠን በይ።»

ተመልሶ ማዶ ቆመ። ምሯት ይሁን ወይስ ሊያጋልጣት ሥራው እስኪያልቅ እየጠበቀ አልገባትም። ዐዋጅ የመታበትን ምስማር በዓይኗ ያየች ሴት ምሕረትን ከእሱ አትጠብቅም። ቢሆንም ሌላ መንገድ ስላልነበራት ቀጠለች።

ግንቡ ከደረቷ ሲያልፍ በሁለት በርሜል ላይ ሳንቃ አጋድመው አወጧት። ረጅሙን ድንጋይ ፈጣኑና ወታደሩ አቃስተው አነሡላት፤ በደንብ በተቀባ ቡኮ ላይ ዳርና ዳሩን አስያዘችው። በጥሩ ሁኔታ ተቀመጠ። እጀታውን አነሣች።

ልክ በዚያን ጊዜ ከላይ ካለችው ጠባብ መስኮት ድምፅ ወጣ። የማታው ጸሎት መጀመሩ ነው። ስም ይጠራል፤ ሕዝቡ ባንድ ድምፅ «አስበው!» ይላል። ሌላ ስም ይጠራል፤ «አስባት!» ይላል። ወታደሮቹ ወደ መስኮቷ አንጋጠጡ። ባሬላ የያዘው ወታደር ሳይታወቀው ቆቡን አወለቀ፤ ሻምበሉ ሲያየው መልሶ አጠለቀው። የምታነበው ሴት ናት። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ አንባቢ ዓይኑ ስለደከመ ልጇ ታነብለት እንደነበር ግንበኛዋ ታውቃለች። እንዲህ ጮክ ብላ ስታነብ ግን ሰምታት አታውቅም። ልጅቷ ከግንቡ አጠገብ ሆና ነው የምታነበው፤ ቦታዋን አልለቀቀችም።

ከዚያ የባሏ ስም ተጠራ። ከነአባቱ፣ በሙሉ።

«አስበው!» አለ ቤቱ።

ግንበኛዋ ሳንቃው ላይ ቆማ ለጥቂት ጊዜ የት እንዳለች ጠፋት። ዓይኗ አላለቀሰም፤ ብቻ በእጇ የያዘችው ነገር ምን እንደሆነ፣ ለምን እንዳነሣችው ረሳች። ሌላ ስም ተጠራ። ፈጣኑ ድንጋይ አቀበላት። ተቀበለችው፣ ቡኮ ቀባች፣ አስቀመጠች፣ ሦስት ጊዜ መታች። ቀጣዩንም መታች። ረድፉ ተሞላ፤ ሌላ ረድፍ ጀመረች። የላይኛው ጥግ ላይ ስትደርስ ሻምበሉ ከሥሯ መጥቶ ቆመ።

«በቃሽ፣ ያን ቀዳዳ ለአየር ይቅርላቸው። ውረጂ።»

ወረደች። እግሯ መሬት ሲነካ አስታወሰች።

ረጅሙን ድንጋይ አልመታችውም።

ከወዲያ በኩል አሁን በከሰል ተሰምሮበታል። ልጇ ያልተመታውን ሁሉ ትነቅላለች፤ ሌላ ነገር የሚያስጠረጥራት የለም፣ እናቷ ተሳስታ አታውቅማ። ማሰሪያው ከተነቀነቀ ገና ያልደረቀው የላይኛው ግንብ በሙሉ በሥሩ በተንበረከከ ሰው ላይ ይናዳል። በሥሩ የምትንበረከከው ደግሞ ልጇ ናት።

«አንድ ድንጋይ ላስተካክል፣ ጌታዬ።»

«ውረጂ አልኩ፣ ወረድሽ። በቃ።»

«ካልተስተካከለ...»

«ሴትዮ፣ ላደንቅሽ አልመጣሁም። ሳንቃውን አንሡ!»

ወታደሩ ሳንቃውን ያዘ። ፈጣኑ ፊቷን እያየ ሳንቃውን ከወዲህኛው ጫፍ ጨበጠና «ወገቤን» ብሎ ተቀመጠበት። ወታደሩ ሰደበው። እሷ ቆማለች። መጮህ ትችላለች፤ ብትጮህ ሁሉ ነገር ይገለጣል። ዝም ብትል ልጇን በገዛ እጇ ባነሣችው ድንጋይ ትገድላለች። አፏን ከፈተች።

«ቆይ» አለ የባሏ ወንድም።

መንገዱን ተሻግሮ መጣ፤ ፈጣኑን በእግሩ ገፋ አድርጎ ሳንቃው ላይ ወጣ። ከእጇ ካዞላውን ወሰደ። እንዴት እንደወሰደው እንኳ አላስተዋለችም። ረጅሙን ድንጋይ በመዳፉ ዳበሰውና በእጀታው ሁለት ጊዜ መታው፤ ትንሽ ቆየ፤ ሦስተኛውን መታ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ ሻምበሉ።

«አንድ ድንጋይ ሳይመታ ቀርቶ ነበር፣ ጌታዬ።»

«እና ቢቀርስ?»

«ይወድቃል።»

ሻምበሉ ግንቡን ከላይ እስከ ታች አየው። በጫማው ረገጠው፤ ከዳሩ ነው የረገጠው፣ አልተነቃነቀም። «አሁንስ ይይዛል?»

«ይይዛል።»

«በምን ልመንህ? የሞተው ወንድምህ የዚህ ሴትዮ ባል ነበር አሉ። ሰዎቼ ወሬ ይነግሩኛል።»

የባሏ ወንድም ካዞላውን በካፖርቱ ጠርጎ መለሰላት፤ ፊቷን አላየም። «በራሴ እወራረዳለሁ።»

«መልካም። እንግዲያው ራስህ እኔ ዘንድ ይደር። ጠዋት ግንቡ እንደቆመ ካገኘሁት ትሄዳለህ።» ከዚያ ለወታደሮቹ፣ «እዚህ ማንም አያስፈልግም። ሁላችሁም ወደ ፊቱ በር!»

ይዘውት ሄዱ። ከኋላው ሲታይ አካሄዱ የወንድሙ አካሄድ መሆኑን ግንበኛዋ ያን ጊዜ አስተዋለች። ምናልባት ሁልጊዜም እንደዚያ ይሄድ ነበር።

ዕቃ የምትሰበስብ መስላ ከፈጣኑ ጋር በመንገዱ ላይ ቆየች። ሲመሻሽ ከጸሎት ቤቱ ፊት ለፊት የወታደሮቹ የምግብ ሳሕን ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ ከውስጥ ደግሞ መዝሙር ተነሣ፤ የሽማግሌዎችና የአሮጊቶች ድምፅ ነው፣ የተቻላቸውን ያህል ይጮኻሉ። በመዝሙሩ ሥር የመጀመሪያው ድንጋይ ወደ ውስጥ ተሳበና ጠፋ። አሸዋው ፈሰሰ። ሁለተኛው ተሳበ። ግንበኛዋ ዓይኗን ከረጅሙ ድንጋይ ላይ አልነቀለችም። አልተነካም።

ሰው በደረቱ እየተሳበ መውጣት ጀመረ። አንድ አናጢ ወጣ፣ ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ወጣች፣ ሁለት ወንድማማች ግንበኞች ግንቡን እያዩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ። ፈጣኑ እጅ እየያዘ ያነሣል፤ በጆሮ የሚነግረው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «በግቢው፣ በግቢው!» የግንበኛዋ ግቢ የኋላ አጥር ወደ ወንዙ ያስወጣል።

ልጇ መጨረሻ ወጣች። በነጠላ የተጠቀለለ ትልቅ መጽሐፍ ቀድሞ ወጣ፤ ከዚያ ፊቷ፣ ከሰል በከሰል ሆኖ።

እናቷ ልብሷን ይዛ ሳበቻት፤ ትከሻዋን፣ ክንዷን፣ ራሷን ዳሰሰቻት። መጀመሪያ የተናገረችው ልጅቷ ናት።

«ረጅሙን ማን ነው የመታው?»

«ለምን?»

«ሁለት መትቶ፣ ቆይቶ ሦስተኛውን የሚመታው አባዬ ነበር።» መጽሐፉን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ደነገጥኩ። ከዚያ ከሰሉን አጠፋሁት።»

«አጎትሽ ነው።»

«የት አለ?»

«ሻምበሉ ይዞታል። ግንቡ ጠዋት ቆሞ ካልተገኘ ይገድለዋል።»

ልጅቷ ወደ ክፍተቱ ዞረች። «እንግዲያው መልሰን...»

«እኔ እመልሰዋለሁ። አንቺ ሂጂ።»

«አንቺን ትቼ?»

«ያንን መጽሐፍ የያዘ ሰው እዚህ ቆሞ አይከራከርም። ሂጂ አልኩሽ፤ ፈጣኑ ያሻግርሻል። ዛሬ መሮጥ እንደሚችል አይቻለሁ።»

«እሜቴ፣ በልጅሽ ፊት አታሳጪኝ» አለ ፈጣኑ። ልጅቷን ክንዷን ይዞ ወሰዳት። እናቷ አጥሩን ሲዘልሉ አላየችም፤ ጀርባዋን ሰጥታ ቡኮ ታቦካ ነበር።

በክፍተቱ ውስጥ ሽማግሌው አንባቢ ሻማ ይዞ ብቅ አለ።

«እኛ እዚሁ ነን፣ ልጄ። ጉልበታችን የሚሳብ ጉልበት አይደለም።»

«አባ፣ ጠዋት ምን ትሆናላችሁ?»

«የፊቱን በር ከፍተን እንወጣለን። እኛን ሽማግሌዎቹን ወስደው ምን ያደርጉናል? ለንጉሡ ድንጋይ አንፈልጥ፣ ለጦር አንዘምት።»

«ሌሎቹ የት ገቡ ቢሏችሁስ?»

«ዐርገዋል እላለሁ። አዲሱ መጽሐፋቸው ይፈቅድ እንደሆነ ገልጠው ይዩ።» ድንጋዩን ከውስጥ በሁለት እጁ ደግፎ አቀበላት። «ቀስ ብለሽ ሥሪው። እኛ መዝሙር አያልቅብንም።»

በዚህ ጊዜ አሸዋ አልነበረም። እያንዳንዱን ድንጋይ ከሥርም ከጀርባም በቡኮ ሞልታ፣ ጠባቡን ክፍተት በጠጠር እየጠቀጠቀች አስቀመጠች። ሻማው በክፍተቱ እየጠበበ እየጠበበ ሄደ፤ የመጨረሻውን ድንጋይ ከማግባቷ በፊት የሽማግሌው ዓይን ብቻ ቀርቶ ነበር።

«ደኅና እደሪ» አለ ዓይኑ።

«ደኅና እደሩ፣ አባ።»

ጠዋት የፊቱ በር ሲከፈት ሻምበሉ ያገኘው ግማሽ አግዳሚ የማይሞላ ሽማግሌና አሮጊት ነው። ሩጫው ወደ ኋላው መንገድ ነበር። ግንበኛዋ ሳንቃዋን ልትወስድ መጥታ እዚያ ቆማለች። ግንቡም እንደቆመ ነው። ሻምበሉ በሰደፍ መታው፤ ሰደፉ ነጠረ። የባሏን ወንድም ሁለት ወታደሮች ይዘው አመጡት፤ አንድ ዓይኑ አብጧል።

«ይህ ለምን ጠቆረ?» ሻምበሉ የመሐሉን መጋጠሚያ በሳንጃው ጫረ። ከሌላው ይልቅ እርጥብ ነው።

የባሏ ወንድም ጎንበስ ብሎ አየው። ከትናንት በኋላ የተነካ ግንብ መሆኑን በአንድ እይታ እንደሚያውቅ እሷ ታውቃለች። ጠጠሮቹ ላይ ዓይኑ ትንሽ ቆየ።

«የታችኛው ድንጋይ ከመሬት ውሃ ይስባል፣ ጌታዬ። ዘግይቶ ነው የሚደርቅ።»

«ታዲያ በየት ወጡ? በየት!»

ሻምበሉ ፊታቸውን አፈራርቆ አየ። ከዚያ «ወለሉን!» ብሎ ጮኸ። «ዋሻ አላቸው፤ ወለሉን ንቀሉት!» ወታደሮቹ ተከትለውት ሮጡ። የያዙትም ሁለቱ ለቀውት ሄዱ።

መንገዱ ባዶ ሆነ። ከውስጥ ድንጋይ በዶማ ሲነቀል ይሰማል። የባሏ ወንድም ካፖርቱን ለመቆለፍ ሞከረና ጣቱ እምቢ ሲለው ተወው። ጥያቄውን በከንፈሩ ብቻ ነው የጠየቀው።

«ወጣች?»

«ወጣች።»

ባሬላው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ግንበኛዋ ትናንት ቡኮ ካቀጠነችበት ባልዲ የቀረውን ንጹሕ ውሃ በእፍኟ ቀድታ ያበጠ ዓይኑን አጠበችለት። ውሃው በአገጩ እየወረደ የንጉሡን ካፖርት አራሰው።

«ያምሃል?»

«ትንሽ፣ እትዬ።»

«ዝም በል እንግዲህ፣ አትነቃነቅ» አለችና ሌላ እፍኝ ቀዳች።